የቤዚስቱ ካርቶን፦ 31 የፓንክ ካሴቶችን ወደ ዲጂታል የመገልበጥ ማስታወሻ

ዕቃው አንድ ካርቶን ነው። ባለቤቱ በከተማቸው የመጀመሪያዎቹ የፓንክ ባንዶች ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወቱ ነበር። ካሴቶቹ ከ1979 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. የተቀዱ ልምምዶችና የመድረክ ዝግጅቶች ናቸው። አብረው አንድ ባለ ሩብ ኢንች ሪል (በትልቅ ክብ መጠቅለያ ላይ ያለ የድምፅ ክር)፣ 43 በራሪ ወረቀቶችና 9 በፎቶ ኮፒ የተባዙ ፋንዚኖች (አድናቂዎች ራሳቸው የሚያዘጋጇቸው መጽሔቶች) አሉ። ሥራው ድምፁን መገልበጥ፣ ወረቀቱን ስካን ማድረግና ቤዚስቱ የሚያስታውሱትን ከየቀረጻው ጋር ማያያዝ ነው።

የሥራው ደንብ አንድ ነው፦ በእኛ ማጫወቻ የሚመጣ ጥፋት ይስተካከላል፣ በቀረጻው ዕለት የነበረ ጥፋት አይነካም። ግማሹን ጊዜ የበላው ሁለቱን መለየት ነው።

ሳምንት 1፦ ቆጠራና ፍተሻ

14 ሲ60 (ቁጥሩ የሁለቱ ገጽ ጠቅላላ ደቂቃ ነው)፣ 11 ሲ90፣ 2 ሲ120፣ ርዝመታቸው ያልተጻፈ 4። ከ01 እስከ 31 ቁጥር ተሰጣቸው። ቁጥሩ የተጻፈው በአዲሱ ማቀፊያ ላይ እንጂ በካሴቱ ላይ አይደለም። ምንም ከመነካቱ በፊት የካሴቱ ሁለት ገጽ፣ ሽፋኑና የውስጥ ካርዱ ፎቶ ተነሡ። በካርዱ ላይ ያለ የኳስ እስክሪብቶ ጽሑፍ በአልኮል ስለሚሟሟ ካርዱ ከጽዳት ጠረጴዛው ርቆ ይቀመጣል።

7ቱ ካሴቶች ከፋብሪካ ሙዚቃ ተቀድቶባቸው የወጡ ናቸው። ከላይ ያለው የመከላከያ ቀዳዳ በፕላስተር ተሸፍኖ ልምምድ ተቀድቶባቸዋል። ባዶ ካሴት ለመግዛት ገንዘብ ያጠረው ባንድ ሁሉ የሚያውቃት ዘዴ ናት። ፕላስተሩን አላነሣንም፤ ግን ፕላስተር ያለበት ካሴት በአንዲት የተሳሳተች ቁልፍ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በማጫወቻው ውስጥ ያንን ቀዳዳ የሚዳስሰው ማንሻ «ቀዳዳ አለ» በሚለው ቦታ ላይ ታሰረ። ከዚያ በኋላ መቅጃው ጨርሶ አይሠራም። በሌሎቹ ካሴቶች ላይ ያልተሰበረው የመከላከያ ጥርስ በወረንጦ ተሰበረ።

የተገኙ ጉዳቶች፦

5ቱ የግፊት ሱፋቸው ወድቋል። ይህ ከክሩ (ድምፁ ከተቀዳበት ቀጭን ጥብጣብ) ጀርባ በነሐስ ምላስ ላይ የተለጠፈ ትንሽ ቁራጭ ነው፤ ክሩን ከማንበቢያው ሄድ ጋር ያጣብቃል። ማጣበቂያው ሲደርቅ ይረግፋል፣ ድምፁም ይደበዝዛል፣ ይቆራረጣልም። መጀመሪያ ሱፉን መልሰን ለመለጠፍ ሞከርን፤ ማጣበቂያው ሱፉ ውስጥ ሰርጎ ደረቀና ጠጣር ሆነ። ጠጣር ሱፍ ክር ይፍቃል። ከዚያ በኋላ ምላሱን ከነሱፉ ከሌላ ርካሽ ካሴት ነቅለን ማስገባት ጀመርን። በአንድ ካሴት 10 ደቂቃ ይወስዳል።

2ቱ ከመጀመሪያው ግልጽ ፕላስቲክ መጋጠሚያ ላይ ተበጥሰዋል። ሁለቱ ጫፎች በ45 ዲግሪ ተቆርጠው 3.81 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የካሴት መቀጠያ ተጋጠሙ። በተራ የቢሮ ስኮች ከዚህ በፊት የተቀጠለ አንድ ካሴትም አለ (17)፤ ሙጫው ከጠርዙ ፈስሶ የሚቀጥሉትን ሁለት ዙሮች አጣብቋል። እሱን ለማላቀቅ አንድ ሰዓት ሄደ።

3ቱ ሻጋታ አለባቸው፤ በመስኮቱ ሲታይ በክሩ ጥቅል ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት ይመስላል። ተለይተው በወረቀት ፖስታ ውስጥ ገቡ። ፕላስቲክ ከረጢት እርጥበቱን ይዞ ያቆያል። ዋናው ማጫወቻ እነሱን አይነካም።

ካሴት አከፋፈት፦ 5 ብሎን ያለው ቀላል ነው። ካሴቱ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ይፈታል፣ የላይኛው ገጽ ቀስ ተብሎ ቀጥ ብሎ ይነሣል፣ የክሩ መንገድ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ሁለቱ ጥቅሎች አንድ ላይ ወደ አዲሱ ቅርፊት ይዛወራሉ። ብሎን የሌለው፣ በፋብሪካ የተበየደው፣ በስፌቱ ላይ በቀጭን ምላጭ ዙሪያውን ተሰንጥቆ ይከፈታል። ምላጩ ከ2 ሚሊሜትር በላይ መግባት የለበትም። 26ኛው ላይ ገባ፤ ውስጥ ያለችውን አንሸራታች ቀጭን ፕላስቲክ ቆረጠ። ክሩ ተርፏል።

ሳምንት 2፦ ማጫወቻው

ሁለት ማጫወቻ ተዘጋጀ። አንዱ ጥሩው ባለ ሁለት ካፕስታን (ክሩን የሚጎትት ዘንግ)፣ ሌላው ለሻጋታዎቹ የሚሠዋ ርካሽ ነው።

ጥሩው ሲከፈት ቺንጊያው ቀልጦ ሬንጅ ሆኗል። እጅ ላይ ከተነካ ለሦስት ቀን አይለቅም፤ ጓንት ግድ ነው። ከፑሊዎቹና ከፍላይዊሉ ላይ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ ተጠረገ፣ ሁለት ሰዓት። ቅንጣት ከቀረ አዲሱ ቺንጊያ እዚያ ላይ ባለፈ ቁጥር ይዘላል።

ቺንጊያ ላይ የተሠራ ስህተት፦ አሮጌው ስለቀለጠ ልኩን ማወቅ አልተቻለምና ከተቀላቀለ ፓኬት ውስጥ በግምት ተመረጠ። የገባው ጠባብና አጭር ነበር። ማሽኑ ዞረ፣ ፍጥነቱ ግን ተወዛወዘ፤ ረዘም ያለ የጊታር ኖታ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ትክክለኛው መንገድ የስፌት ክር በፑሊዎቹ ዙሪያ በቺንጊያው መንገድ አዙሮ መለካትና ከዚያ ልኬት ከ5 እስከ 8 በመቶ የሚያንስ ጠፍጣፋ ቺንጊያ መግዛት ነው። ከዚያ በላይ ከተወጠረ የሞተሩን ቡሽ (የዘንጉን ተሸካሚ) ይበላል።

ክሩን ከካፕስታኑ ጋር የሚያጣብቀው የጎማ ሮለር አንጸባርቋል። በውኃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ታጥቦ ሲመለስ ለሁለት ካሴት ሠራ፤ ሦስተኛውን ክር ወደ ላይ ገፍቶ ጠርዙን አጠፈ። በአዲስ ተተካ። በአልኮል ማጠብም አይመከርም፣ ጎማውን ያደርቃል።

ሄዱን ከማግኔት ማጽዳት፦ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ማጽጃው ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ ይበራል፣ ቀስ ብሎ ይቀርባል፣ ከሄዱ ፊት ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ቀስ ብሎ ይርቃል፣ አንድ ሜትር ሲደርስ ይጠፋል። ቅርብ ሆኖ ማጥፋት ሄዱን ማግኔት ያደርገዋል፤ ከዚያ ያጫወተውን ካሴት ሁሉ ከፍተኛ (እንደ ሲምባል ያለ ቀጭን) ድምፅ እየቀነሰ ይሄዳል። የካሴቱ ካርቶን በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ውስጥ ነው።

ፍጥነት በ3150 ኸርዝ መፈተሻ ካሴት ተስተካከለ። ሞተሩ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ በቀጭን ካቻቢቴ ይዞራል። ማሽኑ መጀመሪያ 30 ደቂቃ ባዶ ካሴት ማዞር አለበት፤ በብርዱ ተስተካክሎ የነበረው ከግማሽ ሰዓት በኋላ 0.6 በመቶ ፈጥኖ ተገኘ።

ሳምንት 3፦ የሄዱ ዘንበል

የመጀመሪያዎቹ 6 ካሴቶች ተገለበጡ። ሁሉም የታፈኑ ናቸው፤ የድራሙ ሲምባል ብርድ ልብስ ስር ያለ ይመስላል። «በርካሽ ቴፕ የተቀዳ ነገር ምን ይጠበቃል» ተብሎ ታለፈ። ስህተቱ እሱ ነበር።

ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲሜትር ይሮጣል። 10 ሺህ ኸርዝ ድምፅ በዚያ ፍጥነት ክሩ ላይ የሚይዘው ርዝመት 4.76 ማይክሮን ብቻ ነው። የሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) መስመር ስፋት ደግሞ 1.5 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የማንበቢያው ሄድ ከቀጂው ሄድ አንጻር 0.18 ዲግሪ ቢያዘነብል የመስመሩ አንዱ ጠርዝ ከሌላው አንድ ሙሉ ሞገድ ቀድሞ ይነበባል፣ 10 ሺው ኸርዝ ራሱን በራሱ ያጠፋል። ልምምድ ቤት ወለል ላይ ስትወድቅ የኖረች ተንቀሳቃሽ ቴፕ ሄዷ ቀጥ ያለ ነው ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ስለዚህ ሄዱን በመፈተሻ ካሴት ቀጥ አድርጎ መተው አይበቃም፤ ለእያንዳንዱ ካሴት፣ ለእያንዳንዱ ገጽ፣ የተጣመመችውን ቴፕ ተከትሎ መጣመም ያስፈልጋል።

አሠራር፦
ከሄዱ ጎን ያለው ባለ ስፕሪንግ ብሎን መነሻ ቦታው በቀለም ምልክት ይደረግበታል። ካሴቱ ሲምባል በሚበዛበት ቦታ ይጫወታል። ሁለቱ ቻናሎች ወደ ሞኖ ተደምረው በጆሮ ማዳመጫ ይሰማሉ። ብሎኑ በስምንተኛ ዙር ወዲህና ወዲያ ይዞራል። ትክክለኛው ቦታ ሲደርስ ሲምባሉ ድንገት ይከፈታል፤ ለመሳት አስቸጋሪ ነው። ከዚያ በኮምፒውተሩ ላይ ሁለቱ ሞገዶች ጎን ለጎን ይታያሉ፦ ጫፎቻቸው በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ ተጠናቋል። ካቻቢቴው ማግኔት ያልያዘ መሆን አለበት።

6ቱ እንደገና ተገለበጡ። 9 ሰዓት የባከነ ሥራ።

ከዚህ በኋላ አንድ ችግር ቀረ፦ ሲምባሉ ተከፍቶም ድምፃዊው እንደታፈነ ያለባቸው ካሴቶች። ቤዚስቱ ያኔ የድምፅ ማጉያ ስላልነበራቸው ማይክሮፎኑን በጊታር አምፕሊፋየሩ ሁለተኛ መግቢያ ላይ ይሰኩ እንደነበር ተናገሩ። የጊታር አምፕ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን በጣም ጥቂት ነው የሚያወጣው፣ ትዊተር (ለቀጭን ድምፅ የሚሆን ትንሽ ስፒከር) የለውም። «ስ» እና «ሽ» የሚሉ ድምፆች ከክፍሉ ውስጥም አልነበሩም ማለት ነው። መለያው እንግዲህ ይህ ነው፦ ሲምባልም ድምፃዊም ከታፈኑ ዘንበሉ ነው፣ ይስተካከላል፤ ሲምባል ደምቆ ድምፃዊ ብቻ ከታፈነ አምፑ ነው፣ ይተዋል።

ዶልቢ (የክሩን ሽሽታ የሚቀንስ ሥርዓት) በሁሉም ላይ ተዘግቷል። አንድ ሰው ሲያበራው «ሽሽታው ጠፋ» ብሎ ደስ ይለዋል፤ ያለ ዶልቢ የተቀዳ ካሴት ላይ ግን ከሽሽታው ጋር ሲምባሉንም ይወስዳል።

ሳምንት 4፦ ፍጥነት፣ ወይም ድራመሩ ያለ ጥፋቱ የተወቀሰበት ጉዳይ

አብዛኞቹ ቀረጻዎች በባትሪ በምትሠራ ቴፕ የተቀዱ ናቸው። ባትሪው ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፤ በዝግታ የተቀዳ በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት ፈጣንና ቀጭን ይሆናል። ታዲያ ትክክለኛው ፍጥነት ምን ነበር? በጊታር ቅኝት መለካት አይቻልም። ቤዚስቱ እንደነገሩን ማስተካከያ መሣሪያ አልነበራቸውም፣ ሁሉም በአንዱ ጊታር ይቃኛሉ፣ ያ ጊታር ደግሞ በየቀኑ የት እንዳለ አይታወቅም።

የሚያዋጣው የኤሌክትሪኩ ጉምጉምታ ነው። ቀረጻዎቹ የተደረጉት 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ባለበት አገር ነው። ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ያለው ጊታርና ርካሽ አምፕ በዘፈንና በዘፈን መካከል ይጎመጉማሉ፤ ያ ድምፅ 50፣ 100፣ 150፣ 250 ኸርዝ ላይ ይቀመጣል። ካሴቱ 3 በመቶ ፈጥኖ ከተጫወተ 250ው 257.5 ሆኖ ይታያል፤ በሙዚቃ ቋንቋ ከግማሽ ቶን ግማሹ ማለት ነው። የመብራት ኃይሉ ራሱ ትንሽ ይዋዥቃል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው።

አለካክ፦ ሰው የማይጫወትበት 8 ሴኮንድ ያህል ዝምታ ይቆረጣል። ወደ 2 ሺህ ኸርዝ ሳምፕል ይወርዳል፣ ስፔክትረሙ (በየኸርዙ ያለው የድምፅ መጠን) ይወጣል። በ8 ሴኮንድ ልዩነትን እስከ 0.125 ኸርዝ ድረስ መለየት ይቻላል። በ50 ኸርዝ ላይ ይህ 0.25 በመቶ ነው፣ በአምስተኛው ሃርሞኒክ (በአምስት እጥፉ) 250 ላይ ግን 0.05 በመቶ። ስለዚህ በ250 ይለካል።

የመጀመሪያው ልኬት በሁሉም ካሴት ላይ ልክ 250.0 ሰጠ። ግማሽ ቀን ተደሰትን። ከዚያ ካሴት ሳይገባ ተለካ፤ አሁንም 250.0። ይጎመጉም የነበረው የራሳችን ማጫወቻና ኮምፒውተር ነበር፣ ሁለቱ በተለያየ ሶኬት ላይ ሆነው የመሬት መስመራቸው (ግራውንድ) ዙር ሠርቷል። ሁለቱም ወደ አንድ ማከፋፈያ ሶኬት ገቡ፣ በመካከላቸው የድምፅ ትራንስፎርመር ተጨመረ፣ ጠፋ። ያለ ማሽንም ሁለቱን መለየት ይቻላል፦ ካሴቱ ላይ ያለው ጉምጉምታ ከክሩ ጋር ይወዛወዛል፣ የራስ ጉምጉምታ ቀጥ ያለ መስመር ነው።

ካሴት 09፣ የመድረክ ዝግጅት፣ 14 የዘፈን ክፍተት። በመጀመሪያው ክፍተት 252.0፣ በመጨረሻው 266.0። ከ0.8 በመቶ ወደ 6.4 በመቶ ማለት ነው፤ ካሴቱ ሲያልቅ ባንዱ ከአንድ ግማሽ ቶን በላይ ከፍ ብሏል። ቤዚስቱ ይህን ካሴት ሲሰሙ «መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ይፈጥንብናል፣ ድራመራችን ይቸኩል ነበር» ብለው ነበር። የመጨረሻው ዘፈን በካሴቱ ላይ በደቂቃ 196 ምት ነው። ሲስተካከል 184 ሆነ። ያው ዘፈን በካሴት 15 ላይ፣ ከግድግዳ ሶኬት በሚመጣ ኤሌክትሪክ በተቀዳው ልምምድ፣ 185 ነው። ድራመሩ ከአርባ ዓመት በላይ የተወቀሰው በአራት ደካማ ባትሪ ነው።

እርማቱ የተሠራው በ14ቱ ነጥቦች መካከል ቀጥ ያለ መስመር በመሳብ ነው። በዘፈኑ ውስጥ ጉምጉምታው ስለሚሸፈን ሌላ መንገድ የለም። ማረጋገጫው የቤዙ ክፍት ሚ ክር ሆነ፤ ወፍራም ክር ከጊታሩ ይልቅ ቅኝቱን ይይዛል። ከእርማት በኋላ በ14ቱ ዘፈኖች መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ሴንት (ከግማሽ ቶን አንድ አሥረኛ) በታች ነው።

ያልታረመውም ፋይል ይቀመጣል።

ሳምንት 5፦ ግራ ያጋቡት ሁለቱ

04 እና 22 ሲጫወቱ ዘፈኑ በግማሽ ፍጥነት፣ በጣም ወፍራም ሆኖ ይሰማል፤ ሲገለበጡ ደግሞ ወደ ኋላ ይጫወታል። የተበላሹ አይደሉም፣ ባለ አራት ትራክ ናቸው። በ1979 የወጣው የቲያክ ፖርታስቱዲዮ 144 በተራ ካሴት ላይ አራት ትራክ በአንድ አቅጣጫ፣ በእጥፍ ፍጥነት ይቀዳ ነበር። ተራ ማጫወቻ ትራክ 1 እና 2ን ብቻ ያነባል፣ 3 እና 4 በሌላው ገጽ ተገልብጠው ይመጣሉ።

ሙከራ አንድ፦ ሁለቱ ገጾች በተራ ማጫወቻ ተቀድተው በኮምፒውተር ፍጥነታቸው ተጨመረ፣ ቢ ገጽ ተገለበጠ፣ ተጋጠሙ። መነሻቸው ይገጥማል፤ ከ20 ሴኮንድ በኋላ ጊታሩ ከድራሙ ይለያል። ሁለቱ ንባቦች የተለያየ ውዝዋዜ ስላላቸው ነው። በየ10 ሴኮንዱ እየቆረጡ ማስተካከል ይቻላል፣ የ3 ደቂቃ ዘፈን 5 ሰዓት ወሰደ፣ ውጤቱም የሚያስቀና አይደለም።

ሙከራ ሁለት፦ አራቱን ትራክ ለየብቻ የሚያወጣ ማሽን በውሰት መጣ። አራት ቻናል ባለው የድምፅ ካርድ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫወተ። አለቀ። ከመጀመሪያው መለመን ነበረብን።

ዲቢኤክስ (ሌላ የሽሽታ መቀነሻ)፦ እነዚህ ማሽኖች ድምፁን 2 ለ 1 አጥብበው ይቀዳሉ፣ ሲጫወት መልሰው ይከፍታሉ። ካልተከፈተ ሽሽታው ከዘፋኙ ጋር ይተነፍሳል፣ ሲምባሉም ጆሮ ይወጋል። በውሰት የመጣው ማሽን ውስጡ ይከፍታል። ለማኅደር ግን ያልተከፈተውም ተቀድቷል።

04 ላይ ድራም ብቻውን የለም። ድራም፣ ቤዝና ጊታር ወደ ትራክ 3 ተጠቃለው ከዚያ በትራክ 1 እና 2 ላይ ዘፈንና ሁለተኛ ጊታር ተደርቦባቸዋል። ትራክ 1 መጀመሪያ ላይ ግን ድምፃዊው ከመግባቱ በፊት ያልተደመሰሰ አንድ ሴኮንድ ተኩል አለ፤ የድራሙ የመጀመሪያ መልክ፣ ሳይጠቃለል። የስኔሩ (ከድራሙ ክፍሎች አንዱ) ትክክለኛ ድምፅ የሚሰማው በዚህ ካርቶን ውስጥ እዚያ ብቻ ነው።

ሳምንት 6፦ የማይነኩት

ተንቀሳቃሽ ቴፕ ራሱ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ አለው። ሲምባል ሲመታ ሁሉንም ወደ ታች ይጎትታል፣ ድምፃዊው ይሰምጣል፣ ግማሽ ሴኮንድ ቆይቶ ይመለሳል። በሶፍትዌር መልሶ ለመዘርጋት ተሞከረ፤ ሽሽታው አብሮ ተዘረጋ፣ ባንዱ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚጫወት መሰለ። ተሰረዘ።

የማይክሮፎኑ ከአቅም በላይ መጫን፦ አብሮ የተሠራው ማይክ ራሱ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ምንም መቆጣጠሪያ አያድነውም። ቤዚስቱ ይህን ለመቀነስ ቴፗን በሹራብ ጠቅልለው በክፍት ካርቶን ውስጥ፣ ፊቷን ወደ ጥግ አዙረው ያስቀምጡ እንደነበር ያስታውሳሉ። 11፣ 12 እና 19 ላይ ይሰማል፦ የድምፁ መሰባበር ቀንሷል፣ ከፍተኛው ድምፅ ግን በሹራቡ ተበልቷል። 08 ላይ ቴፗ ቤዝ አምፑ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቤዙ ዝቅ ባለ ቁጥር የፕላስቲክ አካሏ ይንቀጠቀጣል። ይህ ሁሉ የቦታ መረጃ ነው። ቢጸዳ ይጠፋል።

ሽሽታ ማጥፊያ ተሞክሯል። ከ6 ዴሲቤል በላይ ሲሆን በዘፈኖች መካከል ከኋላ የሚሰማው የሰው ወሬ ወደ ጉርግርታ ይቀየራል፣ ቤዚስቱ ደግሞ ሰዎችን የሚለዩት ከዚያ ወሬ ነው። በዋናው ፋይል ላይ አልተተገበረም።

የ2ቱ ሲ120 ክር 9 ማይክሮን ብቻ ነው፣ የሲ60 ግማሽ። የአንዱ ዙር ድምፅ ወደሚቀጥለው ይታተማል፤ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የራሱ ጥላ በስሱ ይሰማል። ከመጫወቱ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ማዞር ትንሽ ይቀንሰዋል። ይህ ደግሞ በየትኛው ወገን ይመደብ? ከቀረጻው በኋላ በመቀመጥ የመጣ ነው፣ ግን ያለ ጉዳት አይወጣም። ተተወ።

ሻጋታዎቹ 3ቱ በዚህ ሳምንት ተሠሩ። በደረቅ ክፍል ሁለት ሳምንት ቆይተው ዱቄቱ ደርቋል፤ ማስክ ተደርጎ፣ ውጭ፣ ለስላሳ ብሩሽ። ከዚያ በርካሹ ማጫወቻ ላይ፣ በየ10 ደቂቃው ሄዱ እየተጠረገ። 2ቱ ሙሉ በሙሉ ወጡ፣ 30ኛው ላይ ወደ 4 ደቂቃ ያህል ጎዶሎ አለ።

ሳምንት 7፦ ወረቀትና ትውስታ

ፋንዚኖቹ የተያያዙት በስቴፕል ነው፣ ዝገዋል። እግሮቹ በቀጭን ምላጭ ቀጥ ተደርገው ከጀርባ ይገፋሉ፤ ከፊት መጎተት ወረቀቱን ይቀዳል። ስካን በ600 ዲፒአይ፣ በግራጫ። ጥቁርና ነጭ ብቻ በሚለው ሲሞከር የደበዘዘው ቶነር ጠፋ፣ ከፎቶ ኮፒው ፎቶ ኮፒ የተነሣላቸው ገጾች ባዶ ሆኑ። ቶነር ካለው ወረቀት ላይ የፒቪሲ ፕላስቲክ አይደረግም፣ ከቀናት በኋላ ፊደሉ ወደ ፕላስቲኩ ይሻገራል።

በራሪ ወረቀቶቹ ቀንና ወር አላቸው፣ ዓመት የላቸውም። ለሚቀጥለው ሳምንት ለሚለጠፍ ወረቀት ማን ዓመት ይጽፋል። የሚረዳው የዕለቱ ስም ነው፦ «ዓርብ ማርች 14» በፈረንጆቹ ከ1979 እስከ 1984 ባለው ውስጥ የሚገጥመው ከ1980 ጋር ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ከ43ቱ 29ኙ ዓመት አገኙ።

ቃለ መጠይቁ ላይ የተሠራው ስህተት ግን ሊታረም አይችልም። በመጀመሪያው ቀን ወረቀቱ ቀድሞ ታየ፣ ቀጥሎ ካሴቱ ተሰማ። ቤዚስቱ በራሪው ላይ ያለውን አዳራሽ ስም ካነበቡ በኋላ የሰሙትን ሁሉ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አዩት። 3 ካሴቶች በዚህ ተበላሹ፤ ሁለቱ በኋላ ሲመረመሩ ጣሪያቸው ዝቅ ያለ ትንሽ ክፍል ውስጥ የተቀዱ ናቸው፣ ማስተጋቢያ የላቸውም። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ቅደም ተከተሉ ተቀየረ፦ መጀመሪያ 30 ሴኮንድ ድምፅ፣ ከዚያ ዝም ማለት፣ ከዚያ ስለ ዕቃ መጠየቅ («ቤዙ በየትኛው አምፕ ነበር?» «ድራሙ የማን ነበር?»)፣ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ። «ዓመቱ መቼ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ጨርሶ ቀረ፤ ሁልጊዜ መልስ ያገኛል፣ መልሱም ሁልጊዜ የተለያየ ነው። የድራም ኪቱን ግን አይስቱትም። ማን ለማን መቼ እንዳዋሰ ከታወቀ ዓመቱ በራሱ ይወጣል።

የተባለውና የተለካው ሲጋጩ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ከደቂቃና ከሴኮንድ ጋር። የካሴት 09 መዝገብ ላይ «ድራመሩ ይቸኩል ነበር» የሚለው አሁንም አለ።

ሳምንት 8፦ ፋይልና ሒሳብ

96 ሺህ ኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ስቴሪዮ ዌቭ። በደቂቃ 34.56 ሜጋባይት፣ በሰዓት 2.07 ጊጋባይት። የሲ90 አንድ ገጽ 1.55 ጊጋባይት ስለሚሆን የዌቭ ፋይልን የ4 ጊጋባይት ወሰን አይነካም፤ አንድ ገጽ አንድ ፋይል፣ በዘፈን አይቆረጥም። በቴፗ መነሻና መቆሚያ ላይ ያለው «ቀጭ» አይወጣም፣ አንዱን ቀን ከሌላው የሚለየው እሱ ነው።

ርዝመት ያልተጻፈባቸው 4ቱ ሲለኩ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆኑ። በጠቅላላው ወደ 38 ሰዓት፣ 79 ጊጋባይት ገደማ። ሦስት ቅጂ፣ አንዱ በሌላ ቤት። ከተቀዳ በኋላ ቼክሰም (ከፋይሉ የሚሰላ መለያ ቁጥር) ይነጻጸራል፤ በሁለተኛው ዲስክ ላይ 2 ፋይል አልገጠሙም፣ ኬብሉ ተቀይሮ ሲቀዱ ገጠሙ። ባይነጻጸር ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

ለአንድ ሰዓት ካሴት በአማካይ 3 ሰዓት ተኩል የሰው ሥራ ሄዷል፤ ቃለ መጠይቁ አይቆጠርም። በድጋሚ የተሠሩት ባይኖሩ ከ3 ሰዓት በታች ይሆን ነበር።

ሳምንት 9፦ ሪሉ

የሪሉ ክር ጀርባው ጥቁር ልባጥ አለው። በእጅ ግማሽ ሜትር ሄዱ ላይ ሲጎተት ጮኸ፣ ሄዱ ላይ ቡናማ ዝቃጭ ተወ። መግነጢሳዊውን ዱቄት ከክሩ ጋር የሚያያይዘው ሙጫ እርጥበት ጠጥቷል፤ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ በወጡ ልባጥ ባላቸው ክሮች ላይ የታወቀ በሽታ ነው። እንዲህ ያለው ክር በ54 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ8 ሰዓት ያህል ይጋገራል፣ በዚያው ልክ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ሳይዘገይ ይገለበጣል። አሴቴት (የድሮ ዓይነት ፕላስቲክ) የሆነ ክር ግን መጋገር የለበትም፤ ጥቅሉ ወደ ብርሃን ተይዞ ሲታይ የሚያሳልፍ ከሆነ አሴቴት ነው። ይኼኛው አያሳልፍም።

የምግብ ማድረቂያ ማሽን ተገኘ። ሪሉ ሳይገባ በቴርሞሜትር ለ8 ሰዓት ተፈተሸ፦ 54 ላይ ተሞልቶ በ49 እና በ61 መካከል ይዋልላል። ይህ አይሆንም። የማሽኑ የራሱ ቴርሞስታት ታልፎ ከውጭ ሌላ ተገጠመለት፣ ዳሳሹ ሪሉ በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ ታሰረ። ሁለተኛ ፍተሻ፦ ከ53 እስከ 55። ሦስተኛው ፍተሻ ከባዶ ሪል ጋር ነው፣ ዛሬ ማታ ይጀመራል። ዋናው ሪል ገና ሳጥኑ ውስጥ ነው።